ባሌን ወደ ቤት ለመለሱልኝ የቦርድ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የክለባችን የቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ፤ በተለይም ጨዋታ በተደረገ ቁጥር ከክብር ወንበርዎ ተነስተው ተጫዋች በማዘዝ የሚደክመው ጉሮሮዎ ተሽሎት ይሆን እያልኩ ሳስብ እውላለሁ። እኔን በአካል አያውቁኝም። ደጋፊው «ግንቡ» እያለ የሚጠራው፣ በመጀመሪያ የክለብዎ ተከላካይ፣ ኋላም አሰልጣኝ፣ አሁን ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ «የቀድሞ» የተባለው ሰው ሚስት ነኝ። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ሰሞኑን በስልክ ላቀረቡለት ጥሪ መልስ መስጠት ተገቢ ስለሆነ፣ እሱ ደግሞ ሰው ማስቀየም ስለማይሆንለት፣ ብዕሩን እኔ አንስቻለሁ። ከመልሱ በፊት ግን ላቀርባቸው የሚገቡ ምስጋናዎች አሉኝ።

አንደኛ፦ ስለ ጉልበቱ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ለክለብዎ ሲጫወት ግራ ጉልበቱ በዞረ ዕለት የሕክምና ሳጥኑ ቁልፍ ሐኪሙ ኪስ ውስጥ፣ ሐኪሙ ደግሞ ሠርግ ላይ ስለነበሩ፣ ከሜዳ የወጣው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተጋድሞ ነው። ማስታወቂያው የጫማ ነበር። ክቡርነትዎ ግን ሆስፒታል ድረስ መጥተው እጁን ይዘው «አይዞህ፣ ክለቡ ቤትህ ነው» አሉት። የእኔ ባል እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው የሚያምን ሰው ነው። ገና በምርኩዝ እየሄደ ወደዚሁ «ቤቱ» ቢመጣ የክለቡ ዘበኛ መታወቂያ ጠየቀው።

እሱ ግን አልተቀየመም። የታዳጊዎቹን ቡድን ያዘ፤ የአሰልጣኝነት ኮርስ ተማረ። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ የልብስ ቁልፎቼን፣ ጥቁሮቹን በአንድ ወገን፣ ነጮቹን በሌላ ወገን አሰልፎ ሲያጋጥም ይውል ነበር። አንዲት ደንበኛዬ ኮቷን ልትወስድ መጥታ አንድ ቁልፍ ቢጎድል «ይቅርታ እህቴ፣ አጥቂው ቁም ሳጥን ሥር ገብቶብኝ ነው» ብሎ በሆዱ ተኝቶ ፈለገላት።

ሁለተኛ፦ ቡድኑ ከሠንጠረዡ ግርጌ ተጣብቆ፣ በደስታ የተቀበሏቸው አሰልጣኞች ተራ በተራ ሻንጣቸውን ሲሸክፉ፣ እሱን ስላስታወሱት አመሰግናለሁ። እኔ «ተው፣ አንተን የፈለጉህ እሳቱን እንድትጨብጥላቸው ነው» ብዬው ነበር። «ቤቴ ሲቃጠል ቆሜ ልይ እንዴ?» አለኝ። ገባ፤ ቡድኑንም ከመውረድ አተረፈ። በደስታው ዝግጅት ላይ ክቡርነትዎ ባደረጉት ረጅም ንግግር ቦርዱን፣ ደጋፊውን፣ የሜዳውን ሣርና የወቅቱን የአየር ጠባይ አመሰገኑ። በጋዜጣ በወጣው ፎቶግራፍም ከትከሻዎ ጀርባ የባለቤቴ ክርን ጥርት ብሎ ይታያል። ቆርጠን ሳሎን ሰቅለነዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ልጆቻችን «ይሄ የአባዬ ክርን ነው» እያሉ ያሳያሉ።

ሦስተኛ፦ የእህትዎን ልጅ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ጨዋ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ አጥቂ ይሁን ብለው የወሰኑት ግን እርስዎ እንጂ እግሮቹ አይደሉም። በአንድ ወሳኝ ጨዋታ፣ በእረፍት ሰዓት፣ መልበሻ ክፍል ድረስ ደውለው ልጁ እንዲገባ ሲያዝዙ፣ ባለቤቴ በትሕትና «ክቡር ሰብሳቢ፣ ልጁን እኔ እወደዋለሁ፤ ኳሷ ግን አልወደደችውም» አለዎት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉት። ቡድኑ አሸነፈ። ማሸነፉ ጥፋት እንደነበር የተረዳነው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ባለቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሬዲዮው መሰናበቱን ተናገረ። ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን አጥፍቶ በመስታወት እያየው «ጋሼ፣ ልቀጥል ወይስ ይቅር?» አለው። «ይቅር» ብሎ ተነሳ። ራሱ በግራ በኩል ተላጭቶ፣ በቀኝ እንደነበረ ሆኖ ቤት ገባ፤ ኮፍያ አጠለቀ፤ ከዚያም ንጹሕ የነበሩትን ሰሃኖች በሙሉ እንደገና አጠበ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ለክቡርነትዎ በእርግጠኝነት ለማሳወቅ አልችልም።

መግለጫችሁ የተለያያችሁት «በጋራ ስምምነት» ነው ይላል። እሱን ጠየቅሁት፤ አልተስማማም። እኔም አልተስማማሁም። ምናልባት የተስማማው እናንተ ዘንድ የቀረው ጉልበቱ ይሆናል።

አራተኛ፦ ከሁሉም በላይ ባሌን ወደ ቤት ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ልጆቹን ገበታ ላይ በቦታ በቦታ መደልደል ጀመረ፤ ትንሿን በር አጠገብ አስቀምጦ «መስመሩን እንዳትለቂ» ይላታል። ጎረቤታችን ስኳር ልትበደር ስትገባ ከጨዋታ ውጪ ነሽ እንዳይላት እሳቀቅ ነበር።

ከዚህ ያወጡት እግሩን የሚታከምበት ሆስፒታል ሴቶች ናቸው። ጉልበቱን የምታሸው ባለሙያ የሠራተኞቹ የሴቶች ቡድን አምበል ናትና፣ አንድ ቀን እግሩን እንደያዘች «አሰልጣኝ የለንም፤ እሺ ካላልክ አልለቅህም» አለችው። እነሆ አሁን ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባ፣ አንሶላ ከተሰጣበት ገመድ አጠገብ ያሰለጥናቸዋል። መጀመሪያ ኳስ ሲመጣባቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑ የነበሩት ነርሶች ዘንድሮ የከተማውን የሠራተኞች ዋንጫ ወሰዱ። ባለቤቴን አጋድመው ተሸክመው ሜዳውን አዞሩት፤ በዚህኛው ጊዜ ቃሬዛው እውነተኛ ነበር። እየሳቀ ነበር፤ እኔም ሳቁን ረስቼው ኖሮ መጀመሪያ ሌላ ሰው የሳቀ መስሎኝ ዞር ብዬ ፈለግሁ።

ወደ ጥሪዎ ልምጣ። ቡድኑ እንደገና ወደ መውረዱ ሲቃረብ ደውለው «ያለፈውን እንርሳ፤ ና ወደ ቤትህ» አሉት። እውነቱን ልናገርና ሊመጣ ነበር። የክለቡን ቱታ ከሳጥን አወጣ፤ እኔም አፌን ይዤ ተኮስኩለት። ለብሶ መስታወት ፊት እንደቆመ አምበሏ ደወለች፤ «አሰልጣኝዬ፣ ዛሬ ልምምድ አለ አይደል?» በመስታወቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ያለውን አርማ አየ። ከዚያ «አለ፤ መጣሁ» አላትና ቱታውን አውልቆ ሰጠኝ። «አርማውን ፍቺልኝ፤ ጨርቁ እንኳ ጥሩ ነው» አለኝ።

ስለዚህ መልሳችን ይኸው ነው። አርማውን ሳልጎዳ ፈትቼ ከዋናው ደብዳቤ ጋር በፖስታ ልኬልዎታለሁ። ቱታው ላይ በነበረበት ቦታ ቀለሙ ያልለቀቀ ክብ ቀርቷል፤ ሲታጠብ ሲታጠብ ይለቃል።

ክቡርነትዎ በታችኛው ምድብም በዚሁ ብልህ አመራርዎ እንዲቀጥሉ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ
ልብስ ሰፊዋ፣ የግንቡ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ስልኩን ሲዘጉ «ነገሩ በእኛ መካከል ይቅር» ብለው አደራ ጥለውብናል። አደራ በላ እንዳንባል ይህን ደብዳቤ ከአንድ ጋዜጣ በስተቀር ለማንም አላሳየንም።