ቃል የሌለባቸው አራት ገጾች

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

አባብዬ፣ ከተለዩን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደ ነበረ ነው። በእርስዎ ክፍል በኩል ግን ጣሪያው ማፍሰስ በመጀመሩ፣ እማዬ ብሩሾችዎንና ቀለም ይበጠብጡባቸው የነበሩትን ቅሎች ወደ እኔ መኝታ አዛወረቻቸው። በአንደኛው ቅል ግርጌ ሰማያዊው ቀለም እንደ ደረቀ አለ፤ ላስለቅቀው አልሞከርሁም። ዛሬም የምጽፍልዎ በዚያ ሰማያዊ ምክንያት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የሰጡኝን መጽሐፍ መቼም አይረሱትም። ጢስ ዓባይ በመብራት ማመንጫው ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልዎት፣ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ነበር። ጥራዙ ላልቷል ብለው ጾመ ፍልሰታን ሙሉ አቆዩት፤ ብራና በሚሰፉበት ክር ሰፍተው ጾሙ ሲፈታ በእጄ አኖሩልኝ። ሰማያዊ ካባ ለብሶ ከወደብ ከተማ በላይ የሚበረውን ሰው፣ ከተማዋን በውኃ ሊያሰጥም የሚያሤረውንም ባለ ጥቁር ጓንት ጠላቱን ያን ጊዜ አወቅኋቸው። የባለ ጓንቱ ባርኔጣ ሁልጊዜ አንድ ዐይኑን ይጋርድ ነበር። እንግሊዝኛ ከመማሬ በፊት ሥዕሉን አነበብሁ፤ ከተማርሁ በኋላም ቃሉን። ከሁሉ የወደድሁት ግን ምንም ቃል የሌለባቸውን የመጨረሻዎቹን አራት ገጾች ነው። በእነርሱ ላይ ባለ ጓንቱ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ ባለ ካባው ካባውን አውልቆ እንደ ገመድ ይወረውርለታል፤ ጎትቶም ያወጣዋል። ባርኔጣውን ማዕበሉ ወስዶበታልና ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ዐይኖቹ ያየናል።

ባለፈው ግንቦት የዚህ መጽሐፍ ፊልም ወደ ከተማችን አዳራሽ መጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጽሐፉን በነጠላዬ ሥር ይዤ፣ ከፊት ወንበር ተቀመጥሁ። ካባው የተቀደደ መጋረጃ ይመስል ነበር። የሚበረውን ሰው ያንጠለጠለው ሽቦ ይታያል። የወደብ ከተማ ያሉት ስፍራ ከእኛ የጀልባ መናኸሪያ አይበልጥም። ሁሉንም በትዕግሥት አሳለፍሁ። በመጨረሻ ግን ባለ ጓንቱ ሰጠመ፤ ባርኔጣው ብቻ በውኃው ላይ ቀረ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። አላስቻለኝም፤ ብድግ ብዬ ይህ ሐሰት ነው፣ መጽሐፉ እንዲህ አይልም አልሁ። ከኋላዬ አንድ አናጺ፣ እኅት ዓለም፣ ፊልሙ በጀርባሽ አልፎ አይታይምና ተቀመጭ ቢለኝ ሰው ሁሉ ሳቀ።

በማግስቱ የፊልሙን ጥፋቶች ከነገጽ ቁጥራቸው ጽፌ በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አስለጠፍሁ። አሥራ ሦስት ነበሩ። አሥራ ሦስተኛው ስለ ፍጻሜው ነበር። የመጽሐፉ ደራሲ በመጨረሻ ዝም ማለቱ ታላቅ ጥበብ እንደሆነ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ግን ጥበቡን እንደ ሰረዙት መሰከርሁ። ሰፈሩ ወይዘሪት ገጽ ስንት ብሎ ሰየመኝ። ስሙን በኩራት ተቀበልሁት።

የወረታ ነጋዴ ልጅ የሆነችው ጓደኛዬ ዘይነባ ግን አልሳቀችብኝም። አጎቷ ከአስመራ ያመጣው ያው መጽሐፍ በቤታቸው ነበርና ይዛልኝ መጣች፤ እስኪ አንቺው ተመልከችው ብላ መጨረሻውን ገለጠችልኝ። ባለ ጓንቱ ሰጥሟል። ባርኔጣው በውኃው ላይ ተንሳፍፏል። ባለ ካባው ወገቡን ይዞ ይስቃል፤ በአፉም ዙሪያ ብዙ ቃል አለ። ፊልሙ አልዋሸም ነበር።

ሁለቱን መጻሕፍት በመስኮቱ ብርሃን ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። የእኔዎቹ አራት ገጾች ከሌሎቹ ይወፍራሉ። ማዕበሉ በደቅ ደሴት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እርስዎ የሣሉት ዓይነት ነው፤ አጫጭርና ድርድር። በስተቀኝ በኩልም፣ በውጭ አገር ወደብ ላይ፣ የደንገል ታንኳ ቆሟል! አሥር ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬ አንድም ቀን አልገረመኝም፤ ለጣና ልጅ ውኃ ባለበት ታንኳ መኖሩ ምኑ ይደንቃል? ያ ዝምታም የደራሲው ጥበብ አልነበረም፤ እርስዎ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ የመጣ ነበር። መጽሐፉ መጨረሻው ተገንጥሎ ነው የደረሰዎ፤ እርስዎም ጎዶሎ መጽሐፍ ለልጄ አልሰጥም ብለው በጾሙ ሰሞን ራስዎ ሥለው ፈጸሙት።

ቅሉን አንሥቼ ከገጹ አጠገብ አቆምሁት። ሰማያዊው አንድ ነው። ያን ጊዜ ደቅ ላይ የጠየቅሁዎ ትዝ አለኝ። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ክፉዎቹ ለምን በአንድ ዐይን ብቻ ይሣላሉ ብዬ ነበር። ሥርዓት ነው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ ስላላዞሩ ነው አሉኝ። ቢዞሩስ ብዬ ጠየቅሁ። ብሩሽዎን በውኃ ማጠብ ያዙ። ጥያቄው የጠፋ መስሎኝ ነበር። ለካ በግድግዳው ላይ ሥርዓቱን አክብረው፣ መልሱን ከሁለት ዓመት በኋላ በእኔ መጽሐፍ ውስጥ አኖሩት። የባዕድ ሠዓሊ ለጌጥ ያጋደለውን ባርኔጣ በእኛ ሥርዓት አነበቡት። ይህን ባወቅሁ ጊዜ እንደ ቤተ መቅደስ ጫማዬን ማውለቅ አማረኝ።

ክሱ ግን በስሜ ግድግዳው ላይ ነበር። የጋዜጣው ኃላፊ፣ ከዘይነባ በቀር የሚያውቅብሽ የለም፣ ዝም በይ አለኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስም በዚያ ግድግዳ ላይ መውጣቱንም አልወደደውም። ዝም ብል ግን በእርስዎ ሥራ ሌላውን ደራሲ አመስግኜ፣ እውነት በተናገሩት ሰዎች ላይም ፈርጄ መቅረቴ ነው። ስለዚህ አሥራ ሦስተኛውን ጥፋት ሰርዤ፣ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ አራቱን ገጾችም አባቴ እንደ ሣላቸው ጻፍሁ። አሥራ ሁለቱን አላነሣሁም፤ ካባው እውነትም መጋረጃ ነው።

በሦስተኛው ቀን ያ አናጺ በራችንን አንኳኳ። ገጾቹን እንዳሳየው ጠየቀ፤ እማዬ ወንበር ሰጠችው። ብዙ አየ። ከዚያ ጣቱን ወረቀቱን ሳያስነካ ወደ ታንኳው ጠቁሞ፣ ይህን ደንገል ያሰረውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ የደቅ ሰው ነው አለ። እማዬ እርስዎን ከቀበርን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም።

ስምዎን በገጾቹ ላይ ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር። በሥራዎ ላይ ስም ጽፈው እንደማያውቁ አስቤ መለስሁት። ማን እንደ ሠራቸው ለጠየቀኝ ሁሉ እኔ እነግራለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ደቅ እሻገራለሁ፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ካሉት ባለ አንድ ዐይኖች ፊትም እቆማለሁ። እንደ ልጅነቴ በፍርሃት አላልፋቸውም። እስኪዞሩ እጠብቃቸዋለሁ፤ እስከዚያው እርስዎን አስብዎታለሁ።

ልጅዎ