ያዘ ተብሎ ስለወደቀው ፍሪሲዮናችን

ለተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፣ ለክቡርነትዎ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ ደህና ነው? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ያቺ የምትሽከረከር ወንበርዎ፣ ሁሉም ደህና? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የባሰባት እናንተ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ካረፈደች ወዲህ ነው። በዕድሜ ልጄ ነዎት፣ በወንበር ግን አባቴ ሆነዋልና በአክብሮት እጽፍልዎታለሁ። ደብዳቤውን በርዎ ላይ የለጠፍኩት ለክፋት አይደለም። ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር «እማማ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች፤ ስብሰባው ሳያልቅ ዕድሜዬ እንዳያልቅ ብዬ ነው።

ጉዳዩ የልጅ ልጄ መኪና ነው። ያቺ ታርጋዋ ተነቅሎ ግቢዎ ውስጥ ፀሐይ የምትሞቀው ሰማያዊ መኪና። ቱርቦ አላት፤ ሞተሩ ውስጥ አየር በግድ እየነፋ ጉልበት የሚጨምር ነገር ነው። ለምን አስገባች ካሉኝ፣ ደስ ስላላት ነው። መኪናው የራሷ፣ ላቡም የራሷ። ማተሚያ ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ በየሳምንቱ እኔን ዳገቱ ላይ ካለው ክሊኒክ ታደርሰኛለች። ውድድር ትወጣለች ብላችሁ ከሆነ፣ እኔን ጎኗ አስቀምጣ ከማን ጋር ልትወዳደር? እኔ እኮ እግረኛ ሲቀድመን «ተይው ይለፍ» የምል ሴት ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ አምና ስላሳለፋችሁን አመሰግናለሁ። ቱርቦው ከገባ በኋላ የፋብሪካው ፍሪሲዮን አቅም አንሶት ነበር። ፍሪሲዮን መቼም እርስዎ ያውቁታል፣ ባያውቁትም አልፈርድብዎትም፣ የሞተሩን ጉልበት ይዞ ለጎማው የሚያቀብል ነው። መርማሪዎ ገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ለቀቀ። መኪናዋ ታስራ ቆማለች፣ ማርሽ ውስጥ ናት፣ ሞተሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይጮኻል። ፍሪሲዮኑ ቢይዝ ኖሮ ሞተሩ እዚያው ድርግም ይል ነበር። አልያዘም፣ ሸርተት አለ። መርማሪዎ ግን «ጎበዝ ሞተር ነው፣ አይጠፋም!» ብሎ ማኅተሙን ዱብ አደረገልን። እኛም ሞኞች አመስግነን ወጣን።

በሳምንቱ ዳገቱ መሃል መብራት አስቆመን። ልንነሳ ስንል ሞተሩ ጮኸ፣ የተቃጠለ ሸራ፣ ያው የፍሪሲዮኑ ልባስ፣ ሸተተን፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች። ከኋላችን አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ታቋርጥ ነበር። የልጅ ልጄ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠችው፤ ቆምን። ሴትዮዋ የኋላውን መስታወት በመዳፏ እየመታች የሰደበችንን አልጽፈውም፤ ስድቡ ይገባን ነበር። ለእናንተ የተረፈውን ግን እስካሁን አላደረስኩም።

ሁለተኛ፦ ድካማችን ላይ ስለቀለዳችሁ አመሰግናለሁ። አዲሱን ፍሪሲዮን የመረጥነው እንደ ሽንኩርት አፍሰን አይደለም። መለዋወጫ ሱቅ ሄድን፤ ባለ ሱቁ ሦስት ዓይነት ዘረጋልን። አንዱ ያው የፋብሪካው ወንድም ነው፣ ለስላሳ፣ ለቱርቦ የማይሆን። አንዱ ሸራው ብረት የተቀላቀለበት፣ ዙሪያውን እንደ ድመት መዳፍ የተቆራረጠ፣ ለውድድር የተሠራ። ባለ ሱቁ ዓይኑ ያረፈው እሱ ላይ ነው። «ከሁሉም የበለጠ ጉልበት የሚይዘው ይሄ ነው፣ ቁጥሩን እዩት!» ይላል። በገዛ መኪናው ገጥሞት ስለነበር ኑ ሞክሩት አለን። ወይ መሞከር! ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሃል የሚባል ነገር የለውም። በተነሳን ቁጥር ሻሼ ዓይኔ ላይ ወረደ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፣ የተጨናነቀ መንገድ ላይ የልጅ ልጄ ግራ እግር ዛለ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የወንድ ፍሪሲዮን ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለወንድ ሽጠዋ! እኔን እንደ ጆንያ ለምን ታራግፈኛለህ?» አልኩት።

የልጅ ልጄ ግን ሳቀችና ሞተሯ ስንት እንደሚገፋ ነገረችው፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚይዘውን፣ ሸራው ለስላሳ የሆነውን፣ መሃሉ ላይ ንዝረት የሚውጡ ሞላዎች ያሉበትን፣ ሸራውን የሚጫነው ሳህን ብቻ የጠነከረውን አስወጣችው። ፔዳሉ ትንሽ ይከብዳል፣ አነሳሱ ግን ልስልስ ያለ ነው። የሚይዝ፣ ግን የማያንቅ። እኔ ባል ስመርጥ እንዲህ ብጠነቀቅ የት በደረስኩ! ከተገጠመም በኋላ ሸራው እስኪላመድ ድረስ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ እያልን ከረምን።

ሦስተኛ፦ ዘንድሮ ስለጣላችሁን ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። ያው መርማሪ መጣ። «መኪናው የማነው? የወንድምሽ?» አላት መጀመሪያ። ወንድም የላትም፣ አያት ነው ያላት፤ አያቷም እዚያው ቆማ ነበር። ገባ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ሦስተኛ አስገባ፣ ፔዳሉን ለቀቀ። ሞተሩ ድርግም አለ። ያዘ ማለት ነው! እኔ ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ፣ እሱ እስክሪብቶውን አነሳ። «ሞተሩ ይጠፋል። ፍሪሲዮኑ የውድድር ነው። የፋብሪካው እስኪመለስ መኪናዋ ትታገድ።» እኔም «ልጄ፣ እንዲጠፋ አይደል እንዴ የሞከርከው?» አልኩት። «እማማ፣ ጥሩ መኪና አይጠፋም፤ እኛ እዚህ ሁሌም የምንሠራው እንዲህ ነው» አለኝ፣ አንጀት በሚያሳርር ትህትና። ሁሌም! ይሄን ቃል ሰምቼ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ተሳስቶ ቢሆን ምንኛ በተሻለኝ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ከንዴቴ የተነሳ ጠፋብኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የልጅ ልጄ አሮጌውን ፍሪሲዮን አትመልስም። «እሺ ትበል፣ ታስገባና ካለፈች በኋላ ታውጣው» ብለው የመከሩን አሉ፤ እናንተም ቢሮ የሚሠራ አንድ ሰው ጆሮዬ ላይ ሹክ ብሎኛል። አናደርገውም። ለአንድ ቀንም አናደርገውም፣ ምክንያቱም ከጣቢያዎ ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ ያው ዳገቱ ነው፣ ያቺም እናት እዚያው ሰፈር ትኖራለች። መኪናዋ ግቢዎ ውስጥ ብትዝግ ትዝጋ። እኔ ክሊኒክ በእግሬ እወጣለሁ፤ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ይሄን ታሪክ እየነገርኩ ነው የምወጣው። ወሬ እንደማይደክመኝ ጸሐፊዎን ይጠይቁ።

ወይም ደግሞ አንድ ነገር እናድርግ። አሮጌው ፍሪሲዮን ጓሯችን ተቀምጧል። ለእርስዎ መኪና ልክ የሚሆን ከሆነ በደስታ እንሰጥዎታለን፤ ያስገጥሙት። ከዚያ ዳገቱ መሃል ይቁሙና ይነሱ። እናትዎ በሕይወት ካሉ ግን ከኋላ እንዳይሄዱ ይንገሯቸው።

በታላቅ አክብሮት፣ በተጣመመ ጉልበትና በቀና አንገት፣ እጅ ከነሳሁ በኋላ ቀጥ ብዬ የቆምኩ፣
የሰማያዊዋ መኪና ባለቤት አያት

ሳልጽፈው የቀረ፦ ሐሙስ ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለ የእርስዎ የቢሮ መኪና ከግቢ ስትወጣ አየኋት። የበሩ አቀበት ላይ ሞተሯ ይጮኻል፣ እሷ ግን ቆማለች፤ የተቃጠለ ሸራ እኔ ድረስ ሸተተኝ። መስታወቷ ላይ «አልፋለች» የሚል የራሳችሁ ማኅተም አለ። እንኳን ደስ ያለዎት። ባለ ሱቁ ጋ ከሄዱ መካከለኛውን ይበሉት፣ በትልቅ ቁጥር እንዳይሸነግልዎት። እስከዚያው ግን ዳገት ላይ ሲነሱ እባክዎን ክላክስ ያድርጉ፤ ከኋላዎ ሰው አለ።