ምች አልነበረም

ሰይድዬ፣ የጀማል አባት፣

ከጎረቤታችን ከኦቦ ዲሪባ ልጀምርልህ። ደህና ሆነዋል። ብሽሽታቸው ላይ ያበጠውን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ በጋቢ ሸፍነው ይዘውት ኖረው፣ ባለፈው ወር ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ልጃቸው ከጎሬ መጥታ እያስታመመቻቸው ነው፤ የልጅ ልጃቸውም ግቢው ውስጥ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል። እንዴት እሺ ብለው ሄዱ እንዳትል፤ ጎትቼ ባጃጅ ላይ የጫንኳቸው እኔ ነኝ። «ሃዳ ጀማል፣ የጀማል እናት፣ ሰፈር ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» ሲሉኝ «አዎ፣ ላዋርድዎት ነው፤ ተዋርደው ይኑሩልን» አልኳቸው።

አንተንም እንዲህ አዋርጄ ባኖርኩህ ኖሮ። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዱዓ ሳደርግልህ በለስላሳ ቃል ነበር የማነሳህ። አሁን ግን ተናድጄብሃለሁ። ሞቷል ብዬም አልተውህም።

ጀማል ስምንተኛ ክፍል ገብቷል። የክፍላቸው ኃላፊ መምህር ገመቹ የሚባል ወጣት ነው። ዓርብ ከሰዓት ዴስኩን ያስገፋና ወንዶቹን ክብ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሰሌዳው ላይ «ወንድ ነኝ ብዬ የደበቅኩት» ብሎ ይጽፍና መጀመሪያ ራሱ ይናገራል። እናቱ ስትሞት ሰው እንዳያየው ሽንት ቤት ገብቶ እንዳለቀሰ ነገራቸው። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ቀሚስ እንግዛልህ?» ሲለው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አሉ። እሱ ሆዬ «ግዙልኝ፣ ልኬ ትልቁ ነው» ብሎ ወሬውን ቀጠለ። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጣቸው፤ ከቤታችሁ አንድ ወንድ ምረጡና የፈራበትን ቀን ጠይቁት አላቸው።

ጀማል ማንን ይጠይቅ? ተራው ሲደርስ ተነስቶ «አባቴን ልጠይቀው አልችልም። የፈራበትን ቀን ግን አይቻለሁ» አለ። መምህሩ እዚያው አስቆመው። «ይሄን መጀመሪያ መስማት ያለባት እናትህ ናት» ብሎ እስከ ቤት ድረስ ይዞልኝ መጣ። ልጁ ተናግሮ እስኪጨርስ ደጃፍ ላይ ዱካ ስቦ ተቀምጦ ጠበቀው።

ከሶር ወንዝ ማዶ ካለው የቀረሮ ዛፍ ላይ ቀፎ ስትሰቅል ወደቅክ። ልጅህ ከታች ገመዱን ይዞ ነበር። መሬት ላይ ተዘርረህ ዓይንህ እንዴት እንደፈጠጠ ነገረኝ። ከዚያ ጎንህን ይዘህ ተነሳህ፣ ልብስህን አራገፍክና «ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል። ወንድ ነህ አይደል?» አልከው። ነኝ አለህ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ሰይድ!

ለእኔ ምች መታኝ አልከኝ። እኔ ሞኟ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፌ፣ ጨምቄ አጠጣሁህ፤ በተረፈው ጀርባህንና ጎንህን አሸሁልህ። ሳሽህ ጥርስህን ነክሰህ ዝም። ሦስት ቀን ሙሉ የተሰበረ ጎንህን በገዛ እጄ አሳሸኸኝ። በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት ስናደርስህ ሐኪሙ «ወድቆ ነበር?» ሲለኝ «ኧረ ምች ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ ትሰማለህ። ጀማልም በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሁለት ወንዶች ዝም አላችሁኝ። አንዱ ማታውን ሞተ፤ ሌላው ቀብር ላይ አንዲት እንባ ሳያፈስ ቆመ። «ጎበዝ! ወንድ ነው!» እያሉ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ልጁ እኮ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ እያለ ነበር በውስጡ!

ከየት እንዳመጣኸው አላጣሁትም። ከወሎ በሰፈራ ስትመጡ ሕፃን ነበርክ፤ «ሰፋሪ ዛፍ አይወጣም» እያሉ የአገሬው ልጆች ሲስቁብህ አደግክ። ኦቦ ዲሪባ መውጣቱን አስተማሩህ፣ ሁሉንም በለጥካቸው፣ ገበያው ሁሉ «የማይወድቀው ሰይድ» አለህ። እኔም እኮ ሽቅብ እያየሁ እልል ስል ነበር። ማሩን በቅጠል ጠቅልለህ ስትወርድ መጀመሪያ ለእኔ ነበር የምታቀምሰኝ፤ ያኔ ከእኔ በላይ የኮራ አልነበረም። በዚያም በራሴ እናደዳለሁ።

ግን እስቲ ንገረኝ፤ ሙሽራ ሳለሁ ጓሮ እባብ አይተህ እኔን ጥለህ የሮጥክ ጊዜ ናቅኩህ? ሆዴን ይዤ ሳቅኩ እንጂ! አንተም ስቀህ መሬት ላይ ተንከባለልክ። ወድቄያለሁ ብትለኝ ምን እልህ ነበር? አዝዬህ እሄድ ነበር።

ትናንት ወንድምህ ጋሼ ሙሄ ከኖፓ መጡ። ክፍል ውስጥ የተባለውም፣ የመውደቅህም ወሬ ደርሷቸዋል። ገና ሳይቀመጡ «ይሄ መምህር የወንድሜን ልጅ ሴት አደረገው፣ የሟችንም ስም አጠፋ። ጀማል ክፍሉ ፊት ቆሞ ዋሽቼ ነው ይበል። አለዚያ ከዚህ አስወጥቼ ኖፓ እኔ ዘንድ አስተምረዋለሁ» አሉ። ልጁ ማዕዘኑን ይዞ ቆሟል። እኔም «ልጄ የትም አይሄድም፣ ጋሼ። ዓርብ ዓርብ እዚያ ክብ ውስጥ ይቀመጣል። ከፈለጉ እርስዎም ይሂዱ፣ ቦታ አይጠፋም» አልኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም፤ ታውቃለህ።

እኔም ከእንግዲህ የማይወድቀው ሰይድ ብዬ አላነሳህም፣ ሆዴ። ስምህን ለጠራልኝ ሁሉ ወደቀ፣ ደበቀኝ፣ ሞተብኝ እላለሁ። እስከ መቃብሬ እንዲህ ነው የማስታውስህ፤ እየተናደድኩ፣ እየወደድኩህ።

ትናንት ያን ስመልስላቸው ጋሼ ሙሄ ጥላቸውን አንስተው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ጀማልን «ሲወድቅ ጮኸ?» አሉት።

«አልጮኸም፣ አጎቴ። እኔም አልጮህኩም» አላቸው።

ከዚያ ጥላውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተመልሰው ተቀመጡ። «ና ወዲህ» አሉት፣ «ከመጀመሪያው ንገረኝ።»