ሁለቱን ሳላይ አልቆርጥም

ማክሰኞ

አሚን ማለት አልነበረብኝም።

ዘሀራን ለሐሙስ ቀጠርኳት፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቼ ጠጠር የሞላውን የሐሞት ከረጢቷን በካሜራ እያየሁ ላወጣላት። ጎብዬ ላይ እህል ትነግዳለች፤ ኩንታሉን የምታነሳው ራሷ ናት። ሕመሙ ሲነሳባት ትመጣለች፣ ሆድ ሊከፈት ይችላል ስላት ትጠፋለች። ዛሬ ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ሙሄ ይዘዋት መጡ። የስምምነት ወረቀቱ ላይ «ካስፈለገ ሆድ ይከፈታል» የሚለውን አነበብኩላቸው፤ ፈረመች። ወዲያው ጋሽ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። «አላህ እጅሽን ያሳምረው፤ ሆዷን ሳትከፍች በሰላም አውጭላት።» ክፍሉ በሙሉ አሚን አለ። እኔም አፌ ለምዶበት አሚን። ቆቦ ተወልዶ፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ዱዓ ላይ ዝም የሚል የለም። ሲወጡ «በቃ፣ ቃልሽን ሰጠሽን» አሉኝ።

ረቡዕ

ንድድ እንዳለኝ ዋልኩ። ሆድ የምንነፋበት ጋዝ ከደሴ ጠዋት ይደርሳል ተብሎ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። የካሜራው ስክሪን ገመድ ይላላል፤ በፕላስተር አሰርነው።

ነገሩን ላስተካክል ዘሀራ አልጋ ጋ ሄድኩ። «ውስጡ በደንብ ካልታየኝ እከፍታለሁ» አልኳት፣ እቅጩን። ጋሽ ሙሄ ቀደሟት። «ዱዓ ተደርጎበት የለም ወይ? በወረቀት ልታፈርሽው ነው?» እሷ ግን ወደ ግድግዳው ዞራ «ፈርሜ የለ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ኩንታል ካላነሳሁ ምን እበላለሁ?»



ሐሙስ

የከረጢቱ አንገት ከአካባቢው ጋር ተጣብቋል። ማድረግ ያለብኝ ይታወቃል፦ ስቡን መላጥ፣ የከረጢቱን ታች ከጉበት ማላቀቅ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮችን ብቻ ማየት። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የደም ሥር። ያ ሳይታይ መቁረጥ የለም። ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደውን ዋናውን ቧንቧ በስህተት ከቆረጥኩ ዘሀራ ዕድሜ ልኳን ትሰቃያለች፤ ልትሞትም ትችላለች።

አንድ ሰዓት ሙሉ ላጥኩ። ደማ። ካሜራው ጉም ለበሰ። ጠረግነው፣ መልሶ ለበሰ። በመጨረሻ አንድ ቧንቧ አገኘሁና ይሄው ነው ብዬ መዝጊያውን ክሊፕ አነሳሁ። መሣሪያ የምታቀብለኝ ሲስተር ሐዋ ከመቁረጤ በፊት መጠየቅ አለባት፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

«ስንት አየሽ ዶክተር?»

«ሁለት።»

«ሁለቱም ከረጢቱ ውስጥ ሲገቡ አሳይኝ።»

ተቆጣኋት። ጋዙ እያለቀ ነው አልኳት። ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ላሳያት አልቻልኩም፤ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነበር። ቧንቧው ሰፋ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ከረጢቱ ሲገባ አይታይም። ልቆርጠው የነበረው ጋሽ ሙሄን ፈርቼ ነው፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ።

ክሊፑን መለስኩላትና ሆዷን ከፈትኩ። ያ ቧንቧ ዋናው ነበር። የተጣበቀውን የከረጢቱን አንገት ሳልነካ ትቼ ሌላውን ክፍል አወጣሁ፤ ጠጠሮቹን ለቅሜ የቀረውን ዘጋሁት። ከጨረስኩ በኋላ ሐዋን ይቅርታ አልኳት፤ ጓንቷን እያወለቀች «ሻይ ጠጭ» አለችኝ።

ዓርብ

ጋሽ ሙሄ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ቃልሽን በላሽ።»

«በላሁ» አልኳቸው። «ቃሌን ባልበላ እህትዎን እበላት ነበር።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ልቆርጥ እንደነበርም ጭምር። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ለጁምዓ ሄዱ፤ እስከ ማታ አልተመለሱም።

ቅዳሜ

ትኩሳት የለም። ከሆዷ በሚወጣው ቱቦ ውስጥ ሐሞት የለም። የዓይኖቿን ሽፋን ገልጬ አየሁ፤ ዓይኖቿ ነጭ ናቸው፣ ቢጫ የለም።

«መቼ ነው ኩንታል የማነሳው?» አለችኝ።

«ለጥቂት ወራት አታነሺም።»

ፊቷን አዞረችብኝ። ቁስሏን ሳይ፣ ምግብ ስጠይቃት፣ ደህና ዋይ ስላት፣ አንዲት ቃል የለም። ኮሪደሩ ላይ ሐዋ «አኩርፋለች» አለችኝ።

ታኩርፍ። በሕይወት ኖራ ታኩርፍ።