የፀጉር አስተካካዩ ዓይን

ጥቅምት 4
ዛሬ ጉድ ሠራሁ። የደንበኛዬን የመምህሩን ፂም በግራ በኩል ሙልጭ አድርጌ ላጨሁት! ከፍ ዝቅ ያለውን ብቻ እንዳስተካክል ነበር ያዘዘኝ። መስመሩ ሁለት ሆኖ ታየኝ... መስታወቱን አይቶ በሳቅ ፈነዳ። "በል ቀኙንም ጨርሰው፤ ሚስቴ አዲስ ባል መጣልኝ ትበል።"
ሳቅኩ። ግን ፈራሁ። ዓይኔን ምን ነካው?

ጥቅምት 7
ባለቤቴ፦ "መነጽር ግዛ፤ አርጅተሃል።" በአርባ አንድ ዓመቴ? ደረጃ ስወርድ እግሬም ይከዳኛል።

ጥቅምት 9
የኤች አይ ቪ መድኃኒቴን ወደምወስድበት ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሯ ለዓመታት ታውቀኛለች። "ቫይረሱማ አደብ ገዝቷል፤ ይሄ ሌላ ነገር ነው" አለች። ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ከጀርባዬም በመርፌ ፈሳሽ ቀዱ... ወይ ጉድ!

ጥቅምት 11
ቂጥኝ ነው። ነርቬና ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ቫይረሱ ያለብን ሰዎች ላይ ሊበረታ ይችላል አለች።
"ይድናል?"
"ደግነቱ ሳይረፍድ መጥተሃል። ፔኒሲሊን በደም ሥር፤ ሁለት ሳምንት እዚሁ ትተኛለህ።"
ለባለቤቴ ነገርኳት። ቫይረሱንስ ገና ስንተጫጭ ነግሬያታለሁ። ይሄ ግን...
"ከየት አመጣኸው?"
"አላውቅም። እውነቴን ነው።"
ምሳዬን አስቀምጣ ወጣች። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

ጥቅምት 14
እሷንም መረመሯት። ከቂጥኝ ነፃ ናት! እፎይ... ዶክተሯ፦ "ከመጋባታችሁ በፊት ጀምሮ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚነግርሽ ግን የለም።" ባለቤቴ ትራሴን አስተካከለችልኝ።

ጥቅምት 20
ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከአልጋዬ ሆኜ አነበብኩ! "ጸጥታ ይከበር" ይላል። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ነርሷ ተቆጣች፤ በሽተኛው ሁሉ በሳቅ አለቀ።

ጥቅምት 26
ቤቴ ገባሁ። ክትትሉ ይቀጥላል። ይቀጥል!

ኅዳር 15
እግሬ አልፎ አልፎ ቢያስቸግረኝም ሥራ ጀምሬያለሁ። ዛሬ ደንበኞቼ ሲወጡ ባለቤቴ ገባች። መጥታ ወንበሩ ላይ ቁጭ! በስምንት ዓመት ትዳር ፀጉሯን አስነክታኝ አታውቅም።
"አጭር አድርገህ ቁረጠኝ።"
"የምርሽን ነው?"
"ካበላሸኸው ግን አለቀልህ።" ሳቀች። ሻሿን ፈታች።
መቀሱን አነሳሁ። ከጆሮዋ ኋላ ትንሽዬ ጥቁር ነጥብ አለቻት። እስከ ዛሬ አላየኋትም ነበር...
"ምን ይገትርሃል?" አለችኝ።
"እያየሁሽ ነው።"