ሊንከን ነፃ የወጣችበት ቅዳሜ

ከሊንከን ግንብ፣ በጌታችን ዓመት 1217፣ ከበዓለ ሃምሳ በኋላ በሁለተኛው ሰኞ

ለውድ ባለቤቴ ለጉንሂልድ፣

አሸነፍን! ሰላምታው ይቆየኝና መጀመሪያ ይህን ስሚ፤ አሸነፍን! የሚጽፉልኝ አባ ኦስበርት ናቸው። «ቀስ በል አስላክ፣ እጄ እንደ ምላስህ አይሮጥም» እያሉ ይቆጡኛል። እንዴት ቀስ ልበል?

አንቺ በወንዛችን ቁልቁል ወዳለችው ቦስተን እህትሽ ዘንድ ከሄድሽ ወዲህ የቀመስነው ባቄላና የሸተተ የጨው ዓሣ ብቻ ነው። የሸፈቱት መኳንንት ከፈረንሳዮቹ ጋር ሆነው፣ ከተማዋን ይዘው፣ ግንባችንን በድንጋይ ሲደበድቡ ከረሙ። ከሥር እየመጡ «እናንተ አይጦች! ዛሬስ ምን በላችሁ?» ይሉናል። ጓደኛዬ ስዌን መች ዝም ይላል፤ «የጌታችሁን ፈረስ አምጡና አብረን እንብላ!» ይላቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ስዌን ከማማው ላይ ጮኸ። «አስላክ! ና፣ ና፣ ቶሎ ና! የንጉሡ ሰንደቅ ነው!» ሮጬ ወጣሁ። ኮረብታው ሰንደቅ በሰንደቅ ሆኗል። ያ ሁሉም የናቀው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ንጉሣችን ይህን ሁሉ ሰው ላከልን! አለቀስኩ። ስዌንም አልቅሷል፤ ዛሬ ግን ይክዳል።

የንጉሡ ቀስተኞች በጓሮ በር ገቡልን። ግንቡ አናት ላይ ጎን ለጎን ተሰለፍን። አለቃቸው «ሰውየውን ተዉት፣ ፈረሱን! ፈረሱን በሉት!» አለ። ፈረሱ ሲወድቅ ያ ሁሉ ባላባት ከነብረት ልብሱ ይንጋለላል፤ መነሣት የለም። ወዲያው የሰሜኑ በር ተሰበረና ፈረሰኞቻችን እንደ ጎርፍ ገቡ። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ተናነቁ። ከሰዓት በኋላ አመፀኞቹ በቁልቁለቱ እየተደነቃቀፉ ሸሹ። የደቡቡ በር ላይ አንዲት ላም ተወሽቃ ስንቱን መኮንን እንዳስማረከች ብታዪ! ስዌን «ላሟ ትሾምልን!» እያለ በሳቅ ሊሞት ነበር።

የግንቡ በር ሲከፈት ለልጃችን ለሃዊስ ላበሥራት ወደ ታችኛው ከተማ በረርኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ከላይ ሆኜ የማየው የቤታችንን ጣሪያ ብቻ ነበር። ስደርስ በሩ ተነቅሏል። የእኛው ወታደሮች ናቸው፣ ጉንሂልድ። «ከተማው ከሽፍቶቹ ጋር አብሯል» ብለው ቤት ለቤት እየዞሩ ሲዘርፉ ደረስኩ። «እኔ ከግንቡ ነኝ! ይህ የኔ ቤት ነው!» አልኩ። አንዱ በሣጥናችን ላይ ተቀምጦ ሳቀብኝ።

ጎረቤታችን ጎልዳ ከጓዳዋ ወጥታ፣ «ሃዊስ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ወንዙ ሮጣለች። ‹ቦስተን እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ› ብላ ጀልባ ተሳፈረች» አለችኝ። ሴቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የወረደው፤ ጀልባዎቹም ከአቅማቸው በላይ ጭነው ነበር አሉ። ትናንትም ዛሬም በወንዙ ዳር ስመላለስ ዋልኩ። አላገኘኋትም፤ ስለዚህ ደርሳ ይሆናል።

ከደረሰች በዚሁ መልእክተኛ አንድ ቃል ላኪልኝ። ደክሟት ከተኛች አትቀስቅሻት፤ ስለ ድሉ እኔው ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ።

አባ ኦስበርት ብዕራቸውን አቁመው «ስለ ተገለበጡት ጀልባዎችስ ልጻፍላት?» አሉኝ።

«መቅዘፍ ታውቃለች ብለው ይጻፉ» አልኳቸው።

እግዚአብሔር አንቺንም አብረውሽ ያሉትንም ይጠብቅልኝ።

ወንዙ ዳር ቆሞ መልስሽን የሚጠብቅ ባልሽ፣
አስላክ