ወር በመጣ ቁጥር የሚታጠበው ቤት

እማዬ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ያቺ ነገረኛ ጎረቤትሽስ ታረቀችሽ? ሁላችሁም እንደ ምኞቴ ሁኑልኝ። እኔ ግን እንደ ወትሮዬ «ደህና ነኝ» ብዬ ማለፍ ተከልክያለሁ። የከለከለችኝ የምትከታተለኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። «ደህና ነኝ» ከማለቴ በፊት ቆም ብዬ ሰውነቴን እንድጠይቀው አዝዛኛለች። ጠየቅኩት፤ ደህና አይደለም። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ወዲህ እንኳ ስነሳ ስቀመጥ፣ መስኮት ስከፍት ስዘጋ ነው የቆየሁት።

ሐኪም ቤት እንደምመላለስ ታውቂያለሽ። በሽታው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል፤ እስክለምደው ድረስ ምላሴ ተሳስሮ ነበር። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅልና፣ የወር አበባ በመጣ ቁጥር እሱም አብሮ ይቆጣል። ያ ሁሉ ዓመት «የሴት ልጅ ወግ ነው፣ ቻይው» የተባልኩት ሕመም ለካ ስም ነበረው። ስሙን ስሰማ ሐኪሟ ፊት ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ከመድኃኒቱ ሌላ ኮርቲሶል የሚባለውን፣ ስንጨነቅ ሰውነታችን የሚያመነጨውን ሆርሞን ለኩልኝ። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ አፌን ሳልጉመጠመጥ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ መትፋት ነው። እኔ የውሃ መሥሪያ ቤት ስልክ አንሺዋ፣ ቧንቧው የደረቀበትን ሰው ሁሉ ስድብ ስጠጣ የምውለው፣ ልኬቱ ጣራ ይነካል ብዬ ነበር። ዝቅ ብሎ ቁጭ! የሌላ ሰው ምራቅ ነው የለካችሁት ብዬ ተከራከርኩ። ሐኪሟ ግን ሕመም ዓመታት ሲቆይ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፣ ሰውነት ድረሱልኝ ሲል ኖሮ ኖሮ ይደክመዋል አለችኝ። እኔ እረፍት አጥቼ፣ ኮርቲሶሌ ተኝቶልሻል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ደግሞ አተነፋፈስ ታስተምረኛለች፤ ሕመሙ ሲመጣ ምን እንደማደርግ ራሴን እንዳይ ታደርገኛለች። አንድ ቀን እዚያው ክፍሏ ውስጥ ጀመረኝ። ጥርሴን ነክሼ ወሬዬን ቀጠልኩ። ለካ እያወራሁ ተነስቼ ወንበሮቿን አሰልፌ፣ የመስኮቱን ደፍ በመሐረቤ እየወለወልኩላት ኖሯል። አሁን አሞሻል አይደል አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት፣ ክፍሌ እንዲህ ጸድቶ አያውቅም ብላ ሳቀች። ቀጥላ ይህን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። ማንም፣ አልኳት።

እማዬ፣ ባለፈው እሁድ በስልክ ስለ ትንሿ እህቴ የነገርሽኝ ትዝ ይልሻል? በኩራት ነበር የነገርሽኝ። ያቺ የጠጣችበትን ብርጭቆ የማታነሳ ሰነፍ፣ ሰው ሆነችልኝ አልሽኝ። በየወሩ አንድ ሰሞን ይነሳባታል፣ መጋረጃ ታወርዳለች፣ ምንጣፍ ታወጣለች፣ ቤቱን ገልብጣ ታጥበዋለች፤ ከአፏ ግን ትንፍሽ አይወጣም፣ «እኔን እናቷን ወጣች» አልሽኝ። አብሬሽ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያ የወለወልኩት የመስኮት ደፍ ትዝ ያለኝ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጫ የለኝም። ቢሮ ስልኩ ይጮሃል፣ ደንበኛው ይሳደባል፣ ለእኔ የሚታየኝ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ምንጣፍ ስትፈትግ ነው። ገና ልጅ ናት እኮ! የእኔ ዕድሜ እንደባከነ የእሷም ሲባክን ቆሜ ማየት አልችልም። አልወቅስሽም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሰውነቴን ብጠይቀው ግን ትንሽ እወቅስሻለሁ። ለጎረቤቱ ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልሽ ትመክሪያለሽ፤ እኛ ደጅ ሲደርስ ግን መደበቁ ስሙ ይቀየርና ቻይነት ይባላል።

እባክሽ እማዬ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ ዘንድ ትምጣ። ምን ሆንሽ ብለሽ አትጠይቂያት፤ «ምንም» ነው የምትልሽ። መጥረጊያውን ከእጇ ተቀበያትና አጠገብሽ አስቀምጫት። የት ላይ እንደሚያማት በእጇ ታሳይሽ። ብቻዋን እንዳትልኪያት ደግሞ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ አብረሻት ነይ። ቤቱን ማን ይጠብቀዋል እንዳትዪኝ። ቤት የትም አይሄድም።

ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። ለስንት ሰው ነው ስትለኝ ለሁለት አልኳት። ዕድሜያቸውን ስትጠይቀኝ አስቀድሜ የነገርኳት የአንቺን ነው። እናትሽን ምናቸውን ነው የሚያማቸው አለችኝ። እስከ ዛሬ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም አልኳት።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ። እሷን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አንቺን እኔው ራሴ ስትመጪ እስምሻለሁ።

የበኩር ልጅሽ